ነጩ ጠጠር የት እንደገባ

ከሚሴ፣ ጥር 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለነጅዋ ሙሄ
ጂዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ነጅዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሲያስነጥስሽ የነበረው የቤታቸው ማቀዝቀዣ ተወሽ ወይስ አሁንም እንደያዘሽ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ናፍቆትሽ ካልሆነ በቀር የጎደለብን የለም። አባትሽ ደህና ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ያመዋል። ጉልበቱም ቢሆን ሥራ ሲያዝዙት ነው የሚያመው፣ ገበያ ሲሆን አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ማሽላው ዘንድሮ እንደ ጉድ ይዞ ነበር፤ የጨፋ ሸለቆ ቀይ በቀይ ሆኖ ነው የከረመው። አሁን ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋን አባትሽ "ጂዳ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። ስትጠፋ "ጂዳ! ጂዳ!" እያለ ሲጣራ የሰማ መንገደኛ ሁሉ ይስቅበታል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የኡምኩልሱም ልጅ ሰዒዳ ናት። ፈቃዷን ጨርሳ ሳምንት ወደዚያው ወደ ጂዳ ትመለሳለች። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። በስልክ አንቺ "ይሰማል?" ስትይ፣ እኔ "ይሰማል፣ አንቺጋስ?" ስል ካርዱ ያልቃል። አባትሽ ደግሞ "እኔን ስጪኝ፣ እኔን ስጪኝ" ብሎ ልብሴን ይጎትትና፣ ስሰጠው "ደህና ነሽ? በይ ደህና ሁኚ" ብሎ ይዘጋዋል። የዛሬው ነገር በዚያ ዓይነት የሚነገር አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል ለዛሬ ካልሆነኝ ለመቼ ይሆነኛል ብዬ ካሠራሽልን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይኸው እጽፋለሁ።

ልብሽ እንዲያርፍ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም፣ ቤቱም ደህና ነው። ነገሩ የግቢው ድንጋይ ነው። ነጩ ጠጠር ግቢሽ ውስጥ የለም። ግቢሽ ቀይ ነው። አንድ ቀን ስትመጪ በላክሽው ፎቶ ዓይነት ነጭ ግቢ ጠብቀሽ በሩን ስትከፍቺ ቀይ ቢገጥምሽ፣ "የእንጀራ እናት መቼም የልቧን ነው የምትሠራ" እንዳትይኝ ፈራሁ። የከሚሴን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ሳትጠይቂው ይነግርሻል፣ የነገረሽንም አሳምሮ ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። እስከ መጨረሻው አንብቢውና ከዚያ በኋላ የምትቆጪ ከሆነ ተቆጪኝ፤ እችለዋለሁ።

ግንበኛው አብዱልጀሊል ያኔ ስትደውዪለት የበሩን ቀለም እያስቀባ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ መጣና፣ "እትዬ ዘሊካ፣ ነጅዋ ናት የደወለችው። ግቢው በላኩት ፎቶ ዓይነት ድንጋይ ይነጠፍበት፣ ቀለሙን ግን እናቴ ትምረጥ ብላለች" አለኝ።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ቀለሙን እናቴ ትምረጥ።"

"አልሰማሁህም" አልኩት። ሰምቼው ነበር። አሁንም ደገመልኝና፣ "ጆሮዎን ያምዎታል እንዴ እትዬ ዘሊካ?" ብሎ አዘነልኝ።

ነጅዬ፣ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምረሽ የምትጠሪኝ እትዬ ዘሊካ ብለሽ ነው። ወላሂ ከፍቶኝ አያውቅም። እናት አለችሽ፤ ቶይባ፣ አላህ ይዘንላት። በሰባት ዓመትሽ ብትለይሽም እናት ናት፣ ቦታዋ ለሌላ አይሰጥም፤ እኔም ስመጣ ይህን አውቄ ነው የመጣሁት። እና ያን ቀን እናቴ ያልሽው ለግንበኛው እንዲያጥርልሽ ብለሽ ይሁን፣ ከአፍሽ አምልጦሽ ይሁን፣ አልጠይቅሽም። ብቻ ያን ቀን ደስታው ምሳዬን አስረሳኝ። ኩሽና ገባሁ፣ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ገባሁ። አባትሽ "ምን ጠፍቶሽ ነው?" ቢለኝ "ምንም" አልኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ለዚህ ያደረሰኝ ጌታ ይመስገን።

ከዚያ ፎቶውን ይዤ ተቀመጥኩ። የአሠሪዎችሽ ግቢ ነው አይደል? የተምሩ ዛፍ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ወተት ያለ ነጭ ጠጠር። እኔ እንግዲህ ጨርቅ ሸጬ ያረጀሁ ሴት ነኝ። አንዲት ገዢ ሥዕል አሳይታሽ "አንቺ የወደድሽውን ስጪኝ" ስትልሽ ሥዕሉን ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ብትሰጫት ወስዳ ቤቷ ስትደርስ ነው የምትጠላው። ልጄ ነጭ ነው የፈለገችው፣ ለእኔ ክብር ብላ ነው ትምረጥ ያለችው ብዬ "ነጭ ይሁን" አልኩ። አብዱልጀሊልም ከየትም ብሎ ፈልጎ አንድ አይሱዙ ሙሉ ነጭ ጠጠር አስመጣ።

ማራገፍ ሲጀምሩ የቀን ሠራተኞቹ ሲጫወቱና ሲሳሳቁ ነበር። ድንጋዩ መሬት ላይ ሲፈስ ሁሉም አካፋቸውን አቆሙ። አንዱ ቆቡን አስተካከለ። ሌላው "አላህ ያጽናዎት" ብሎኝ አካፋውን ይዞ ወጣ። ምን ነካቸው እያልኩ ሳለ ኡምኩልሱም ሻሿን ጠምጥማ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ ከች አለች።

"ማን ነው? ሙሄ ነው?"

"ሙሄማ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄዷል" አልኳት።

"ታዲያ ድንጋዩ ለማን ነው?"

"ለግቢው ነዋ።"

"ከግቢው ማን ሞተ?"

ማንም እንዳልሞተ እስክታምነኝ ድረስ ስንት ጊዜ ማልኩላት። ካመነችኝ በኋላ ደግሞ ተቆጣች፤ እንባዋ በከንቱ መፍሰሱ አናዷት መሰለኝ። ለካስ ነጅዬ፣ በአባትሽ ወገን ነጭ ጠጠር ለሕያው ሰው ደጅ አይገባም። የሚለቀመው ለመቃብር ነው። ሴቶቹ ያጥቡታል፣ ወንዶቹ ወስደው ያለብሱታል። እኔ የሐርቡ ነጋዴ ልጅ በምን ልወቀው? ስንት ዘመን አብሬያቸው ስኖር በለቅሶ ቤት ድስት ሳማስል እንጂ የመቃብራቸውን ድንጋይ አይቼ አላውቅም። አንቺም በልጅነትሽ ከቀብር አርቀው ነው ያሳደጉሽ፣ ከዚያም ሄድሽ፤ አንቺም አታውቂው።

አባትሽ ወደ ማታው ላይ ከገበያ ተመለሰ። የብረቱን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባና እዚያው ቀረ።

"ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?"

"ነጅዋ ለግቢው..." ከማለቴ ጮኸ።

"አኒ ሂን ዱኔ! አልሞትኩም እኮ! ጉልበቴን አመመኝ አልኩ እንጂ ሞትኩ አልኩ? ገና ቆሜ ስሄድ ድንጋዬን አስመጣችሁ?"

እኔ ሳቄ መጣ፣ መሳቅ ደግሞ አልችልም። ፎቶውን አሳየሁት፣ ስለ ጂዳ ግቢ ነገርኩት፣ ስለ አበሻና ስለ ዐረብ ልማድ ሰበክሁት። ሰማኝና፣ "እሺ፣ ልጅ ናት፣ አታውቅም። ግን በዚህ ላይ ረግጬ ቤት አልገባም" አለ። እውነትም በጓሮ በር ዞሮ ነው የገባ። በማግስቱ አብዱልጀሊል ጠጠሩን ወደ ጥግ ሰበሰበና ሸራ አለበሰው። ሠራተኞቹም ተመለሱ።

በል እንግዲህ፣ ሌላ ቀለም ፈልግ! አብዱልጀሊል "ቦርከና ወንዝ ምን የመሰለ ድንጋይ አለ፣ ራስዎ ይምረጡ" አለኝና በባጃጅ ወረድን። ነጅዬ፣ የቦርከናን ድንጋይ አይተሽው ታውቂያለሽ? አሁን በጋ ነው፣ ውሃው ጉልበት ድረስ ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ እንደ ኮረዳ ገባሁበት። አረንጓዴ አለ፣ የጉበት ቀለም አለ፣ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት የታጠቀ አለ፣ እንቁላል የመሰለ አለ። እኔ ከውሃው እያወጣሁ "ይሄን፣ ይሄንን ደግሞ፣ ያንንም ጨምር" ስል አብዱልጀሊል ወገቡ እስኪቆረጥ ለቀመ። የሐር ጨርቅ ከእሽጉ ስፈታ እንኳን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጄ እንዲህ ያለ ግቢ በጂዳም የለ እያልኩ ስፎክር መጣሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወጥቼ ባየው፣ አመድ! አረንጓዴው የለ፣ ጉበቱ የለ፣ ባለ መቀነቷ የለች። ሁሉም አንድ ዓይነት አመድ የተነፋበት ድንጋይ። ለካስ ቀለሙ የውሃው ኖሯል። እኔ! "እርጥብ ጨርቅ አይተሽ ቀለም አትምረጪ፣ ሲደርቅ ሌላ ነው" ብዬ ስንቷን ሙሽራ ስመክር የኖርኩት ሴት! አባትሽ ደግሞ አጋጣሚ አገኘ። "የጨርቅ ነጋዴዋ!" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ የውዱእ ጀበናውን አምጥቶ አንዱ ላይ አፈሰሰበት፤ ድንጋዩ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። "ችግር የለም፣ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ስናደርግ እናጠጣዋለን" አለኝ። በነጩ ጠጠር ያኮረፈው ኩርፊያ ያን ቀን ነው የለቀቀው።

ከዚያ በኋላ ጠባይ ገዛሁ። አብዱልጀሊል ድንጋይ ከሚፈጩበት ቦታ ጥቁርና ቀይ ጠጠር በጆንያ አመጣልኝ፤ ሁለቱን ለየብቻ መሬት ላይ አፈሰስናቸው። ጨርቅ በሱቅ ውስጥ አይመረጥም፣ ወደ ደጅ አውጥተሽ በፀሐይ ነው። ጠዋት አየኋቸው፣ ቀትር ላይ አየኋቸው፣ የዐስር ሶላት ሲደርስ አየኋቸው። ጥቁሩ ጠዋት ላይ ግርማ አለው፣ እንዳትጠይቂኝ። በቀትር ግን አባትሽ ባዶ እግሩን ከቧንቧው ሲመለስ ረገጠውና "ዋይ!" ብሎ ዘለለ። ያ የሚያመው ጉልበቱ እንዲያ ሲዘል አይቼ ገርሞኝ ቀረሁ። የከሚሴ ፀሐይ ጥቁር ድንጋይ ስታገኝ ፍም ነው የምታደርገው፣ ጥቁሩ ቀረ። ቀዩ የበሰለ ማሽላ ነው። ዓይን አይወጋ፣ እግር አያቃጥል፣ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ ሲያርፍበት አያስታውቅበት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። ማንንም ሳልጠይቅ "ቀዩ ነው" አልኩ። አባትሽ እንኳን ምን ትላለህ አላልኩትም። እናቴ ትምረጥ ተብያለኋ።

የቦርከናውንም አልጣልኩት፤ ከቧንቧው ሥር፣ ውሃ ሁልጊዜ በሚንጠባጠብበት ዙሪያውን ደረደርኩት። እዚያ እንዳማረበት ይኖራል። ጎረቤት ሁሉ ለማየት ይመጣል። ኡምኩልሱም "እኔም ልጄን ቀይ አስልካታለሁ" ብላኛለች፤ ሰዒዳ እንግዲህ እናቷን ትቻላት።

አሁን ወደ ነጩ ልምጣልሽ።

ቀዩ ተነጥፎ ሲያልቅ አብዱልጀሊል ነጩን ጭኖ ሊወስድ መኪና ይዞ መጣ። አባትሽ "አይነካም" አለው። "ለምን?" ሲለው ሸራውን መልሶ አለበሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አመጣ። ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ ሸራውን ገለጥ ያደርግና ከጠጠሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ቅጠል የገባበት እንደሆነ ይለቅማል፣ መልሶ ይሸፍነዋል። እኔ ደነገጥኩ። እውነትም ሞቱን አስቦ እንዳይሆን ብዬ ማታ ማታ ዱዓ አደርግ ጀመር።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። "ሙሄ፣ ይሄ ድንጋይ ምን ሆኖብህ ነው?" አልኩት። አንድ ጠጠር አንስቶ በእጁ አገላበጠና፣

"ቶይባ ድንጋይ የላትም" አለኝ።

ነጅዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ልማድ ማንም ይደርድረው፣ ለሟች ድንጋዩን የሚያመጣው ልጅ ነው። ባል አያመጣም፣ ወንድም አያመጣም፣ የልጅ ድርሻ ነው። እናትሽ ያረፈችበት ዓመት መንግሥት የተለወጠበት ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሰው ተበትኖ፣ በአፈርና በእሾህ አጥር ብቻ ነው የሸኟት። አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ዘመዶቿ "እኛ እናልብሳት" ሲሉት አባትሽ እንቢ አለ። "ልጅ አላት፣ ትደርሳለች" አለ። አንቺ ደረስሽ፤ ስትደርሺ ደግሞ ጂዳ ሄድሽ። "በሰው አገር እየለፋች፣ የእናትሽን ድንጋይ ላኪ ብዬ እንዴት ልንገራት? ሌላውን ሸክሟን መች አጣሁት" አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሯል። እኔ ከጎኑ ስተኛ ስነሳ አልሰማሁም።

"አሁን ሳትጠየቅ ላከች" አለኝ። "ሳታውቅ ላከች። ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ!" ብሎ አለቀሰ። አባትሽ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አልቻለበትም፣ እንደሚያስለው ሰው ነው የሚሆነው።

እኔስ? እውነቱን ልንገርሽ። አብሬው አለቀስኩ፤ ግን የእኔ ለቅሶ ሁሉ ለቶይባ አልነበረም። "እናቴ ትምረጥ" ያልሽውን ቃል ለራሴ ወስጄ፣ ስንት ሳምንት ተደስቼበት፣ አሁን ድንጋዩ ባለቤቱን አገኘ። ቃሉም ለእርሷ ኖሯል፣ እኔ መንገድ ላይ ተቀብዬ ነው የያዝኩት አልኩ በልቤ። ቅር አለኝ። በሞተች ሴት ቅር ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም አለኝ።

ላስፈቅድሽ ደወልኩ። አንዴ ሳይሆን ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልክሽ ዝግ ነበር፤ አሠሪዎችሽ ለዑምራ መካ ይዘውሽ ሄደው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። አባትሽም ሼህ ሙሐመድዘይንን ቀጥሮ ነበር። ስለዚህ ሳናስፈቅድሽ አደረግነው። ጥፋት ከሆነ ይህ ነው ጥፋቱ።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ያ ከግቢሽ የተባረረ ጠጠር እዚያው ግቢሽ ውስጥ፣ በቧንቧሽ ውሃ፣ በሳፋ እየሆነ ታጠበ። ኡምኩልሱም ያኔ ያፈሰሰችውን እንባ "ቀድሜ ከፍያለሁ" እያለች እያሳቀችን ዋለች። እኔ አንድ በአንድ ነው ያጠብኩት ብልሽ እንዳታምኚኝ፣ ግን እንደዚያ ብለሽ በልብሽ ያዢው። ሲታጠብ ምን ይመስላል! ይሄስ ሲደርቅም ነጭ ነው።

በነጋታው ጭነን ጨፋ ወረድን። መቃብሩን አታስታውሺው ይሆናል፤ ከአባትሽ ማሳ ወዲያ፣ ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ሸለቆው በሙሉ ይታያል፣ ከብቶቹ ገለባ ላይ ተሰማርተው ነበር። ሴት አትገባምና እኛ ከአጥሩ ውጪ ዋርካው ሥር ቆምን። ወንዶቹ እሾሁን አነሱ፣ አፈሩን አስተካከሉ፣ ድንጋዩን አለበሱ። አባትሽ ማንንም ሳያስቀድም በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው የደረደረ። እናትሽ ነጭ ለበሰች ነጅዬ። ድንጋዩ ከእርሷ አልፎ አጠገቧ ላሉትም፣ ልጅ ሳይኖራቸው ለሄዱት ሁሉ ተረፈ። "የነጅዋ ነው፣ የሁሉም ልጅ ትሁን" ብለው ሼሁ ፈቀዱ።

ከዚያ ከቁርኣን ያሲን ተቀራ። ሼህ ሙሐመድዘይን ለላከችው ልጅ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን አነሱና ወደ አባትሽ ዞሩ።

"ሙሄ፣ የልጅቷን እናት ስም ንገረኝ፤ በእናቷ ስም ልጥራት።"

ቶይባ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ማን ሌላ ይባላል? አፅሟ እዚያ፣ ድንጋይዋ እዚያ። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብኩ። የአባትሽን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ ምሥጢር ሲያወራ ጨፋ ሮቢት ድረስ ይሰማል።

"ሃቲ ኢሼ ለመ" አለ። "እናቷ ሁለት ናት፣ ያ ሼህ። አንዷ ቶይባ ናት፣ ይቻትና። አንዷ ዘሊካ ናት፣ ያቻት ዋርካው ሥር የቆመችው። ሁለቱንም ይጥሯቸው።"

ሼሁም ጠሩን። መጀመሪያ እርሷን፣ ቀጥለው እኔን። በአንድ ዱዓ፣ በአንድ አሚን።

ነጅዬ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን "ወጥሽ ጣፈጠ" ብሎኝ አያውቅም። ሲጣፍጥ ዝም ብሎ ይበላል፣ ሳይጣፍጥም ዝም ብሎ ይበላል። ያን ቀን ግን በሰው ፊት፣ በሙታንም ፊት፣ ቦታዬን ሰጠኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ኡምኩልሱም እጄን ይዛ ነው የወረደችው።

ቶይባን አመሰገንኳት። አብረን አልኖርንም፣ አንድ ቀን አላየኋትም፤ ያወቅኋት በአንቺ ነው። ስትቆጪ ቅንድብሽን የምታነሺው የእርሷ ነው ይላሉ፤ ሰውን ለማስደሰት ብለሽ ራስሽን የምትረሺውም የእርሷ ነው ይላሉ። ይህችን ልጅ ወልዳ ትታልኝ ባትሄድ ዛሬ እኔ ማን ነበርኩ? መካን ተብዬ ሐርቡ ከአባቴ ቤት ተመልሼ የሌላ ሰው ልጅ አዝል ነበር። አንቺንም አመሰግንሻለሁ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ በረንዳው አልነበረም ልጽፍልሽ የተነሣሁት፤ እነዚያን አላህ ያውቃቸዋል፣ በየሶላቴ እቆጥራቸዋለሁ። ምረጪ ስላልሽኝ ነው። እድሜ ልኬን ለሰው ሚስት፣ ለሰው ሙሽራ ስመርጥ ኖሬ፣ ለልጄ መምረጥ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ሰማሽ። ግቢሽ ቀይ ነው። ስትመጪ ካልወደድሽው እኔው በእጄ ለቅሜ አነሳዋለሁ፣ ሌላ ቀለም ታስመጫለሽ። ነጩን ግን አልመልስልሽም።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ከበሩ ላይ ሆኖ "ምን እያልሻት ነው?" አለኝ። "ስለ ድንጋዩ" አልኩት። ቆመ፣ ቆመና፣ "ኮቱ በያት" አለ። "ነይ በያት። ይበቃሻል፣ ነይ በያት።" እኔ ብዕሬን ሳነሳ ደግሞ ወዲያው፣ "ተይው፣ ተይው፣ ሥራ አላት፣ ታዝንብናለች። አትጻፊው" ብሎኝ ወደ ከብቶቹ ሄደ። አሁንም "ጂዳ! ጂዳ!" እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። ባሌ የተናገረውን አልጥስም፤ አልጻፍኩትም።

አላህ በወጣሽበት ይጠብቅሽ፣ በገባሽበት ሞገስ ይስጥሽ። የለፋሽበትን በረካ ያድርግልሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ክፉ እጅ አይንካሽ። እጅሽ የያዘው ይለምልም። የሁለታችንም ዱዓ ካንቺ ጋር ነው፤ የእሷም፣ የእኔም።

እናትሽ
ዘሊካ